ፕሮጀክቱን መልሱላቸው፦ ለዩኒቨርሲቲ መምህራንና ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ መምህራንና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣

እኔ በውሃ አቅርቦት ዲዛይን ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። ከእናንተ እጅ የወጡ ተመራቂዎችን ለሥራ እቀበላለሁ፤ ለተግባር ልምምድ የምትልኳቸውንም ተማሪዎች አስተናግዳለሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ጉዳይ አንድ ነው። የተማሪዎቻችሁን ፕሮጀክት የምታስተናግዱበት አሠራር ትምህርቱን ከመሃል ይቆርጠዋል። ተማሪው ሠርቶ ያስረክባል፤ እናንተ ተቀብላችሁ ነጥብ ትሰጣላችሁ፤ ነጥቡ ሬጂስትራር ይገባል። ሥራው ግን ወደ ሠራው ሰው ተመልሶ አይመጣም። ምኑ እንደጎደለ፣ ምኑ እንደተሳካ፣ ምን ቢደረግ ይሻል እንደነበር ቁጭ ብሎ የሚያነጋግረው የለም።

ለቃለ መጠይቅ የሚመጣ ተመራቂን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ መመረቂያ ፕሮጀክቱ ነው። በቅርቡ አንዲት ወጣት በስፓይራል የተጠረዘ ሥራዋን ይዛ መጣች። ሕዝቧ ከ20 ሺህ ለማይበልጥ ከተማ የተሠራ የውሃ ማከፋፈያ መረብ ዲዛይን ነው። የነፍስ ወከፍ የቀን ፍላጎቱ 80 ሊትር ተብሎ ተይዟል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መመዘኛ መሠረት እንዲህ ላለች ከተማ የሚያዘው 40 ሊትር ነው፤ 80 ሊትር ሕዝባቸው ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ለሆነ ከተሞች የተቀመጠ ነው። «80ን እንዴት መረጥሽው?» አልኳት። ትንሽ አሰብ አደረገችና «ከእኛ በፊት የተመረቁት ፕሮጀክት ላይ እንደዚያ ነበር» አለች። ሌላ ሳልጠይቃት ወረቀት ስባ ማስላት ጀመረች። ታንከሩ፣ ፓምፑ፣ ዋናው መስመር ሁሉም ከሚፈለገው በላይ ገዝፈዋል። ብዙም ሳትቆይ ስህተቱንም ማረሚያውንም በራሷ አንደበት ነገረችኝ።

ልጅቷ ጎበዝ ናት። ያቺን አንዲት ጥያቄ ግን ዓመቱን ሙሉ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ድራፍቷንም ይዛው ስለነበር አየሁት። ሽፋኑ ላይ ፊርማ አለ። ውስጡ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ፎንት 12 ይሁን»፣ «በመስመሮች መካከል 1.5»፣ «የገጽ ቁጥር ይስተካከል» የሚሉ ማስታወሻዎች አሉ። 80 ሊትር የሚለው ቁጥር ያለበት ገጽ ላይ አንድም ምልክት የለም።

ይህ የአንድ አማካሪ መምህር ጥፋት ቢሆን ኖሮ በአደባባይ ደብዳቤ ባልጻፍኩ ነበር። ከተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ከመጡ ተመራቂዎች የምሰማው ተመሳሳይ ነው። በቢሮው በር ላይ የማማከሪያ ሰዓት ተለጥፏል፤ በሩ ግን ዝግ ነው። ተማሪው መምህሩን የሚያገኘው ኮሪደር ላይ ጠብቆ ነው፤ እሱም እንደቆመ፣ «ቲቸር አንዴ» ብሎ። ሌላው መልእክት ሁሉ በክፍል ተወካዩ በኩል ያልፋል። ተወካዩ በቴሌግራም «ቲቸር ቻፕተር 3ን አስተካክሉ ብሏል» ብሎ ይለጥፋል። የማን ምዕራፍ 3? ምኑ ይስተካከል? ይህን የሚያውቅ ስለሌለ ሁሉም የመሰለውን ነካክቶ መልሶ ይልካል።

የፕሮጀክቱ መከላከያ (ዲፌንስ) ቀን ሲደርስም ነገሩ አይለወጥም። ፈታኙ ጥራዙን ብዙውን ጊዜ የሚገልጠው እዚያው መድረኩ ፊት ነው። ተማሪው ስላይዱን በጥድፊያ ያነባል፤ ጥቂት ጥያቄዎች ይወረወሩበታል፤ «ኮሬክሽኑን አስገብታችሁ ክሊራንስ ጨርሱ» ይባላል። እርማቱ የሚሠራው የምረቃ ልብስ እየተለካ ነው። ጥራዙ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ደግሞ ከነስህተቱ ያወርደዋል። ያ 80 ሊትር ወደዚያች ልጅ ፕሮጀክት የገባው በዚህ መንገድ ነው።

የእናንተም ሸክም አይጠፋኝም። የምታማክሯቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው። አንድ ቢሮ ለብዙ መምህር ይደርሳል። ደመወዙ ኑሮን ስለማይሸፍን ማታና ቅዳሜ ሌላ ቦታ የምታስተምሩ አላችሁ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ በመንግሥት በኩል መፍትሔ የሚሻ እውነት ነው። ነገር ግን ፎንትና የመስመር ርቀት ለማረም የሚጠፋው ጊዜ «ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው?» ብሎ ለመጠየቅ ይበቃ ነበር። ስለዚህ ተጨማሪ ሰዓት ከመጠየቄ በፊት ያለው ሰዓት የዋለበትን ቦታ እተቻለሁ።

ጥያቄ የማይጠየቅበት አሠራር ምን እንዳስከተለ ሁላችንም እናያለን። በየዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ባሉ ኮፒ ቤቶች «ፕሮጀክትና ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ማማከር ማለት ጽፎ መሸጥ እንደሆነ የማያውቅ የለም። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ በነጻ ይጽፋል። ብዙ ትምህርት ክፍሎች መፍትሔውን ኩረጃ በሚለይ ሶፍትዌር ሲፈልጉ አያለሁ። ተማሪውን ፊት ለፊት አስቀምጦ «ሦስት አማራጭ ነበረህ፤ ሁለቱን ለምን ተውካቸው?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም ሶፍትዌር ይበልጣል። የገዛ ሰው አይመልሰውም፤ የሠራ ሰው ግን ሲመልስ ይማራል።

የቡድን ሥራም እንዲሁ ነው። አምስት ስም ሽፋኑ ላይ ይሰፍራል። አንዷ ሌሊቱን ሙሉ ትሠራለች፤ አንዱ ያስጠርዛል፤ የቀሩት ለፕሪዘንቴሽን ሱፍ ለብሰው ይመጣሉ። ለሁሉም እኩል ነጥብ ይሰጣል። ያልሠራው ሳይማር ይቀራል፤ የሠራችውም ልፋቷ እንዳልታየ ትረዳና በሚቀጥለው ጊዜ እጇን ትሰበስባለች። እያንዳንዱ አባል ለየብቻው «እኔ የወሰንኩት ምንድን ነው?» የሚለውን በግማሽ ገጽ ቢጽፍ ማን ምን እንደሠራ ለመለየት መርማሪ አያስፈልግም።

በ2015 ዓ.ም. ለሁሉም የቅድመ ምረቃ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ችግሩ ብሷል ብዬ አምናለሁ። ለማለፍ 50 ከመቶ ማምጣት ግድ ስለሆነ የመጨረሻው ዓመት ትኩረት ወደ ሞዴል ፈተናና ቱቶሪያል ዞሯል። ፈተናውን አልቃወምም። ሆኖም ከአማራጮች መልስ መምረጥ አንድን ውሳኔ ከመነሻው እስከ መድረሻው ይዞ መከራከርን አያስተምርም። ያንን የሚያስተምረው ፕሮጀክቱ ነው፤ እሱም ከተማሪው ጋር እስከተነጋገራችሁበት ድረስ ብቻ ነው።

ተማሪን ስለ ሥራው እያነጋገሩ የማረም አሠራር ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ። በዋሸራ፣ በጎንጅና በዋድላ ስማቸው የታወቀው የቅኔ ቤቶቻችን የቆሙት በዚሁ ላይ ነው። ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ለብቻው ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ እዚያው ይሰማል፤ አገባቡ የተሰበረበትን፣ ምሥጢሩ ያልገጠመበትን ያሳየዋል፤ ያርመዋል። ተማሪው እርማቱን ይዞ ሌላ ይቆጥራል። ተቆጥሮ ሳይነገር፣ ተነግሮም ሳይታረም የሚቀር ቅኔ የለም። የተማሪው ብዛትም ቢሆን ይህን ሥርዓት አላስቀረውም፤ የበሰሉት ተማሪዎች ጀማሪዎቹን እያስነገሩ መምህሩን ያግዛሉ።

በዘመናዊው ትምህርትም ምሳሌ አለን። የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ንድፋቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው በመምህራንና በጓደኞቻቸው ፊት ያስተቻሉ፤ የተተቸው ንድፍ ተሻሽሎ ይመለሳል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ ላይ በተመሠረተው ትምህርቱ ተማሪዎቹን በቡድን እያደረገ ወደ ሕዝቡ ይልካል፤ መረጃ ይሰበስባሉ፣ ችግር ይለያሉ፣ ያቅዳሉ፣ ይተገብራሉ፣ የሠሩትንም ይገመግማሉ። ሁለቱም የቆሙት በኢትዮጵያ ነው፤ በዚሁ በጀት፣ በእነዚሁ ተማሪዎች።

ሌላው ያልተነገረለት ጉዳይ ቋንቋ ነው። የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ ተማሪ ያሰበውን ሳይሆን መጻፍ የቻለውን ይጽፋል። «ሪኮመንዴሽን» በሚለው ክፍል ስር የምናነባቸው ዐረፍተ ነገሮች ከፕሮጀክት ወደ ፕሮጀክት የሚገለበጡት ለዚህ ነው። ጥራዙ በእንግሊዝኛ ይሁን። ከጥራዙ በኋላ ያለው ውይይት ግን መምህሩና ተማሪው በሚግባቡበት ቋንቋ ይሁን፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ። የልምምድ ተማሪዎቼን በአማርኛ ሳነጋግራቸው ሪፖርታቸው ላይ ያልነበረ ሐሳብ ይወጣል። ቦኖው ከጤና ጣቢያው በታች ለምን እንደተተከለ፣ የውሃ ኮሚቴው ለምን እንደፈረሰ፣ የትኛው ቫልቭ ሁልጊዜ እንደሚሰረቅ ይነግሩኛል። ይህ ሁሉ እውቀት ነበራቸው፤ የሚያስቀምጡበት ቦታ ግን አልተሰጣቸውም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከእያንዳንዱ ፕሮጀክት በኋላ ተማሪው ለየብቻው ግማሽ ገጽ ይጻፍ፦ የወሰንኩት ምንድን ነው፣ ያልሠራልኝ የቱ ነው፣ ዛሬ ብጀምረው ምን እቀይራለሁ። ከነጥቡም ድርሻ ይኑረው። ሁለተኛ፣ አማካሪው በእያንዳንዱ ድራፍት ላይ ቢያንስ አንድ የይዘት ጥያቄ በጽሑፍ ያስፍር፤ የፎርማቱን ጉዳይ በታተመ መመሪያ ተማሪዎቹ እርስ በርስ ይተራረሙ። ሦስተኛ፣ የማማከሪያ ሰዓት በሳምንት አንድም ቢሆን የሚከበር ይሁን፤ መምህሩ ካልተመቸው ቀድሞ ያሳውቅ። አራተኛ፣ መከላከያው ከክሊራንስ ሳምንት ቀደም ብሎ ይካሄድ፤ እርማቱ ለመማሪያ ጊዜ ያግኝ፤ መደርደሪያ ላይ የሚወጣውም የታረመው ቅጂ ብቻ ይሁን።

ተማሪዎችም የየራሳችሁ ድርሻ አላችሁ። ስምና ጉዳይ የሌለው «ሰላም ቲቸር» የሚል መልእክት ልካችሁ መልስ አትጠብቁ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። የአምስተኛ ዓመት የውሃ ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ ቡድናችን ሦስተኛው ነው። ለነፍስ ወከፍ ፍላጎት 40 ሊትር ይዘናል፤ ከተማዋ በፍጥነት እያደገች ስለሆነ 50 ብንይዝ ይሻል እንደሆነ ተከራክረናል። ምክንያታችን ገጽ 21 ላይ አለ። ሐሙስ በማማከሪያ ሰዓትዎ መምጣት እችላለሁ?» እንዲህ ያለ መልእክት መምህሩን አያስቸግርም፤ ሥራውን ያቀልለታል። ደግሞም የጠየቃችሁት ነገር ግማሹ እየጻፋችሁት ይገለጥላችኋል።

መምህራን ሆይ፣ እነዚህ ልጆች ነገ የሚነድፉት መስመር እውነተኛ ገንዘብ የሚፈስበት፣ እውነተኛ ሰው የሚጠጣበት ነው። እናንተ ዘንድ ሳሉ የሚሳሳቱት ስህተት የሚያስከፍለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ መስክ ላይ ሲደርስ ግን የወረዳ በጀት ይበላል። የመጪውን ሴሚስተር ከመጀመራችሁ በፊት ትምህርት ክፍላችሁን ሰብስቡ፤ ከአራቱ የሚቀልላችሁን መርጣችሁ በአንድ ኮርስ ጀምሩ፤ የተቀበላችሁትን ሥራ ከጥያቄ ጋር ለባለቤቱ መልሱ። ለልምምድ የምትልኩልኝን ተማሪዎች በበኩሌ ከሪፖርታቸው በኋላ አስቀምጬ አነጋግራቸዋለሁ፤ የተነጋገርነውንም ጽፌ እልክላችኋለሁ። መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የውሃ ምህንድስና ባለሙያ