ያረረ ድስትና የሚቆረጥ ደመወዝ

ያረረበት ያማስላል ይባላል። ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ እስከ ገርጂ፣ ከሲኤምሲ እስከ አያትና ሰሚት ባሉ ብዙ ቤቶች ግን ወጡ የሚያርርበት ሌላ፣ ሽቦ ይዞ የሚፈትገው ሌላ ነው። የምትፈትገው በደላላ ወይም በኤጀንሲ በኩል የመጣች ወጣት ናት። ድስቱ አልለቅ ካለ ዋጋው ከወር ደመወዟ ይነሳል። ይህን እንደ ቤት ሥርዓት የተቀበልን ብዙ ነን፤ «ካልከፈለች አትጠነቀቅም» እንላለን። ልማዱ ከሥሩ የተበላሸ ነው። ልጅቷን ይበድላል፣ ድስቱንም ይገድላል።

ወጥ ለምን እንደሚያርር ከማንም በላይ የምናውቀው እኛ ነን። ቁሌት ሲቁላላ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ይጀመራል፤ ውሃው እየመጠጠ ሲሄድ ስኳሩ ከድስቱ ወለል ጋር ይያያዛል፤ በርበሬው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሽሮም ዱቄቱ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ማማሰያው ለጥቂት ጊዜ ከተዘነጋ ይይዛል። በከሰል ምድጃ ሲሠራ እሳቱ ላይ አመድ ነስንሶ ማብረድ ይቻል ነበር። የኮንዶሚኒየሙ ስቶቭ ግን አንዴ ከጋለ ቢያጠፉትም ቶሎ አይቀዘቅዝም። መብራቱም አለ። ወጡ እየተንተከተከ መብራት ይሄዳል፤ ልጅቷ ሕፃኑን ከትምህርት ቤት ለመቀበል ትወጣለች፤ መብራቱ ሲመለስ ሳይጠፋ የቀረው ስቶቭ እንደገና ይግላል። የዚያ ድስት ዕዳ የማን ነው? ሽሮው ተጥዶ ሳለ በር እንድትከፍት፣ ልብስ እንድትተኩስ፣ ውሃ መጣ ሲባል ጀሪካን እንድትሞላ የሚያዛት አለ። ታቹ የሳሳ፣ ሙቀቱን እኩል የማያዳርስ ድስት መርጦ የገዛውም እሷ አይደለችም።

ፍተጋውን ደግሞ እንመልከት። ድስት ካላብረቀረቀ ንጹሕ አይደለም የሚል እምነት ተጭኖናል። አልሙኒየም አየር ሲያገኝ በላዩ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ብረቱን ከምግቡ የሚጠብቀው ያ ሽፋን ነው። የብረት ሽቦ ሽፋኑን ፍቆ ያነሳዋል፣ ወለሉንም ይቧጥጠዋል፤ በተቧጠጠው ላይ ነገ የሚሠራው ወጥ ይበልጥ ይይዛል። ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጠው የተሠሩ ድስቶች ላይ ነገሩ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 በካሜሩን ድስቶች ላይ የወጣ ጥናት እንዲህ ባለ መንገድ ከተሠራ አልሙኒየም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ወደ ምግብ እንደሚወጣ አሳይቷል። በእኛም ገበያ ከአሮጌ ብረት የተቀለጠ ድስት ይሸጣል፣ ቲማቲምና ሎሚ ያለበት ወጥም በየቤቱ ይሠራበታል። እንዲህ ያለውን ድስት በየሳምንቱ እስኪያበራ መፋቅ ጽዳት ሊባል አይገባም። ግራናይት እየተባለ የሚሸጠውም አብዛኛውን ጊዜ አልሙኒየም ላይ የተቀባ ልባስ ነው፤ ሽቦ አንድ ቀን ከነካው ልባሱ ተጫረ ማለት ነው።

ከሽቦው የከፋው በረኪና ነው። ያረረው አልለቅ ሲል በረኪና ይፈስበታል፣ ያም አልበቃ ሲል አቼቶ ወይም ሎሚ ይጨመርበታል። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1915 ጀርመኖች በቤልጂግ ኢፕር ግንባር የለቀቁት ጋዝ ይኸው ክሎሪን ነበር። የስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ተዘግቶ ድስቱ ላይ አጎንብሳ የምትፈትገው ልጅ ሳሏ ሲብስባትና ዓይኗ ሲቃጠል ጉንፋን ነው ተብሎ ይታለፋል። ይህን ቅልቅል በቤቱ የሚፈቅድ ሰው አደጋውን ማወቅ አለበት።

ሕጉ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የፋብሪካን ሠራተኛ ደመወዝ አሠሪው እንደፈለገ እንዳይቆርጥ ይከለክላል፤ በሕግ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሲቆረጥ እንኳ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይገድባል። የቤት ሠራተኛ ግን ከዚህ አዋጅ ውጭ ናት። ለእሷ የቀረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ እሱም ከአሠሪው ጋር የምትኖርን ሠራተኛ ጤናና ሞራል ለመጠበቅ አሠሪው ተገቢውን ሁሉ እንዲያደርግ ያዛል። ጤና የሚለው በረኪናውን፣ በሽቦ የተቆራረጠውን ጣትም ይመለከታል ብዬ አምናለሁ። ቤሩትና ሪያድ ላይ የእህቶቻችን ደመወዝ ሲያዝ እንቆጣለን፤ ቁጣው ትክክል ነው። ሰሚት ላይ ለአንድ ድስት ብለን የግማሽ ወር ደመወዝ ስንይዝ ግን የቤታችን ጉዳይ ነው እንላለን።

ያረረ ድስት የሚለቀው በጉልበት አይደለም። የሚያስፈልገው ውሃ፣ ሙቀትና ጊዜ ነው። ያረረው ስኳር፣ ስታርችና ፕሮቲን ደርቆ የተጣበቀ ቅርፊት ነው፤ ውሃ ሲገባበት ያብጣል፣ ሲያብጥ ከወለሉ ይላቀቃል። ምግቡ እንደተገለበጠ ሁለት ጣት ያህል ውሃ ጨምሮ፣ ከድኖ ዘፍዝፎ ማሳደር ነው። ሲነጋ በእንጨት ማማሰያ ቀስ ብሎ ገፋ ሲደረግ አብዛኛው ይነሳል። አይዝጌ ድስት ከሆነ ውሃው ላይ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሮ ማፍላት ይረዳል። አልሙኒየም ላይ ግን ሶዳ አይደረግም፤ ብረቱን ይበላዋል፣ ያጠቁረዋልም። ለአልሙኒየም ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ይፈላበታል፤ ከዚያ በደንብ ይለቀለቃል። ጥቂት ጥቁረት ቢቀር ምግቡን አይጎዳም፤ ይተው። ድሮ በአመድ የሚያጥቡት እናቶችም ድስቱን መጀመሪያ ዘፍዝፈው ነበር፤ እኛ ከእነሱ የወረስነው ፍተጋውን ብቻ ነው።

«ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ማን ይዘፈዝፋል?» የሚል አይጠፋም። አራተኛ ፎቅ ላይ በጀሪካን ውሃ ለሚያወጣ ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ለመዘፍዘፊያ የሚበቃው ሁለት ኩባያ ውሃ ነው፤ በሽቦ ሲፈተግ ጥቁሩን ለማጥራት ደጋግሞ የሚፈሰው ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ለነገ እንግዳ አለ፣ ድስቱ አሁን ይፈለጋል የሚልም አለ። ሩብ ሰዓት ያህል ውሃ ቢፈላበት ቅርፊቱ ይላላል፤ ያን ያህል መጠበቅ የማይችል ቤት ሁለተኛ ድስት ይግዛ።

ይህም ሆኖ የማይድን ድስት አለ። ታቹ የተጣመመ፣ ልባሱ የተላጠ ከሆነ ቆራሌው ሲያልፍ ይሸጥለት፣ ብሩንም ባለቤቱ ይቀበል። ሲያገለግል የእሱ የነበረ ዕቃ ሲበላሽም ኪሳራው የእሱ ነው፤ የልጅቷ ደመወዝ በወሩ መጨረሻ ሳይጎድል ይከፈላት።