መካኒኩ ሳይፈታም ይከፈለው

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ መኪና ምክር ፈልጎ ያጣ ሰው የለም። ኮፈን ከፍቶ መንገድ ዳር መቆም ይበቃል። የፓርኪንግ ልጁ «ካንዴላ ነው» ይላል፤ ታክሲውን አቁሞ የወረደው ሾፌር «ኧረ የነዳጅ ፖምፓ ነው፣ የኔም እንዲህ አድርጎ ነው የጀመረው» ብሎ ይከራከረዋል፤ ሊስትሮውም ዝም አይልም። ቤት ስንደርስ ደግሞ የእህት ባል፣ የቢሮ ባልደረባ፣ የዕድሩ ጸሐፊ፣ ሁሉም «የኔ መካኒክ» የሚለው ሰው አለው፤ ስልኩንም ሳንጠይቅ ይሰጠናል። የምክር እጥረት የለብንም። ከመካሪዎቹ መካከል ግን መኪናዋን የመረመረ አንድም የለም።

በደግነታቸው እያሾፍኩ አይደለም። የተቸገረ ሰው አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ የማይሆንለት ሕዝብ ነን፣ ጥሩ ነው። ችግሩ ምክሩን እንደ ምርመራ መቁጠራችን ነው። «የኔ መካኒክ እኮ አንደኛ ነው» ስባል «ለየትኛው መኪና?» ብዬ እጠይቃለሁ። በላዳ ታክሲ ያደገ ባለሙያ ካርቡራቶር በጆሮው ብቻ ያስተካክላል፤ አደንቀዋለሁ። ይኸው ሰው ሲቪቲ ካምቢዮ ያላት ቪትዝ ስትመጣለት ግን እጁ ላይ ያገኘውን ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ከሞላባት ካምቢዮውን ገደለው ማለት ነው፤ ሲቪቲ የራሱን ዘይት ይፈልጋልና። ቀጥዬ «ምን ሠራልህ?» እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ዘይትና ፊልትሮ ነው። ዘይት በመቀየር የተመሰገነ መካኒክ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ይልቅ ሠርቶት ያልሆነለት ጊዜ ምን እንዳደረገ ብትነግሩኝ ይሻለኛል። ስልኩን አጠፋ? ወይስ «አምጣት፣ እንደገና ልያት» አለ?

ይህም ቢሆን ዳር ዳሩን መዞር ነው። የጋራዥ ምክር የሚበላሸው ከመካኒኩ ጠባይ በፊት በሒሳቡ አሠራር ነው። ጋራዥ ስንገባ የምናውቃቸው ክፍያዎች ሁለት ናቸው፤ የዕቃና የእጅ። ዕቃውን መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወርደን እንገዛለን፤ የእጁን ተከራክረን እንከፍላለን። በሽታውን ፈልጎ ለማግኘት የሚከፈል ነገር ግን የለም። ሰውየው ጆሮውን ሞተሩ ላይ ጥሎ፣ ከመኪናዋ ስር ገብቶ፣ ነድቶም ሞክሮ «ይኼ ነው» ቢለን ያ ሁሉ ድካም በነፃ ነው። ገንዘብ የሚያገኘው ሲፈታ ነው። እኛ ደግሞ «ይፈታ ወይስ አይፈታ?» ብለን የምንጠይቀው እሱኑ ነው።

አንድ ዕድሜ የጠገቡ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ጋራዣቸው በር ላይ ሻይ እየጠጣን፣ ይህንን ከኔ በተሻለ ነግረውኛል። «ልጄ፣ ባትሪ አልሞላ ያለ መኪና መጣልኝ። ግማሽ ቀን ሽቦ ለሽቦ ስከተል ዋልኩ። ለካ የላላ የማሳ ሽቦ ኖሯል። አጽድቼ አጠበቅሁት፣ ሞላ። ሰውየው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ለአንዲት ብሎን ይህን ያህል?› አለና የጠየቅሁትን ግማሽ ሰጥቶኝ ሄደ። ዲናሞ ቀይሬለት ቢሆን ከዚያ ብዙ እጥፍ ከፍሎ፣ መርቆኝ ነበር የሚሄደው።» «ታዲያ ጋሼ፣ ቀጣዩን ሰው ምን አደረጉት?» ብላቸው ሳቁና ሻያቸውን ጨለጡ። አልመለሱልኝም፤ እኔም አልገፋሁበትም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ማይክል ዳርቢና ኤዲ ካርኒ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ አንዳንድ አገልግሎት ከተገዛ በኋላ እንኳ ያስፈልግ እንደነበር ገዢው ማረጋገጥ እንደማይችል ጽፈዋል፤ የመኪና ጥገና አንዱ ምሳሌያቸው ነበር። መኪናዋ ዳነች እንበል። ያዳናት አዲሱ ዕቃ ነው ወይስ ሲፈታና ሲገጠም የጠበቀው ሽቦ? ባለመኪናው በምን ያውቃል? አሜሪካ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 የካሊፎርኒያ የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ሲርስ የተባለው ግዙፍ የመደብር ድርጅት በጋራዦቹ የማያስፈልግ ጥገና ይሸጣል ሲል ከሰሰው። መርማሪዎቹ እንደ ተራ ደንበኛ መኪና ነድተው እየገቡ ነበር የደረሱበት። የጋራዦቹ ሠራተኞች ኮሚሽንና የሽያጭ ኮታ ነበረባቸው። ድርጅቱ ሆን ብዬ አላታለልኩም ቢልም ለደንበኛ አማካሪዎቹ በኮሚሽን መክፈሉን ተወ። የእኛ ሶማሌ ተራ ኮታ የለበትም፤ ጥቅሻ ግን አለበት። መካኒክ ይዞ የሄደ ሰው የሚጠራለት ዋጋ ውስጥ ማን ማን እንዳለበት አያውቅም።

እኔ የምለው ቀላል ነው። ለምርመራው ብቻውን እንክፈል። ሐኪም ቤት ስንሄድ ካርድ አውጥተን፣ የላብራቶሪ ከፍለን፣ ሐኪሙ «ምንም የለብሽም፣ ውኃ ጠጪ» ቢለን ገንዘባችን ይመለስ አንልም፤ እንደውም ደስ ብሎን እንወጣለን። መካኒኩንም «ፈልገህ አግኝልኝ፤ ብትሠራውም ባትሠራውም ይህን ያህል እከፍልሃለሁ፤ ያገኘኸውንም ጻፍልኝ» ማለት ይቻላል። ወረቀቱን ይዘን ሌላ ጋራዥ የመሄድ መብታችን ከዚያ ይጀምራል። ሁለተኛውን ባለሙያ ስንጠይቅ ግን የመጀመሪያውን መልስ አስቀድመን አንንገረው፤ ምልክቱን ብቻ እንንገረው። «ቴስታታ ይውረድ ተብያለሁ» ብሎ የገባ ሰው «አዎ ይውረድ» ከመባል በቀር ምን ይጠብቃል?

ቴስታታን፣ የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ ካነሳሁ አይቀር እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ በዚህ ከተማ የምርመራ ማጣት ዋጋው ጎልቶ የሚታየው በሞተር ሙቀት ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ድስት ውስጥ ያለ ውኃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ 100 እስኪሞላ አይጠብቅም። የመኪና ሞተር ደግሞ ሥራውን የሚሠራው እዚያው ሙቀት ዙሪያ ነው። ውኃው የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ይዞ ስለሚያቆየው፣ ኩላንትም መፍያውን ከፍ ስለሚያደርገው ነው። ስለዚህ የክዳኑ ስፕሪንግ ሲደክም፣ ወይም ኩላንቱ ፈስሶ የቧንቧ ውኃ ሲተካበት፣ ባሕር ዳርቻ ያለ ከተማ ውስጥ ምንም የማይላት መኪና እንጦጦ ዳገት ላይ ትፈላለች። ክዳኑ ደግሞ ከመኪና ዕቃ ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ነው።

መርማሪ የሆነ ሰው ከርካሹ ይጀምራል። ክዳኑን ያያል፣ የሚያፈስ ጎማ ቱቦ ይፈልጋል፣ ፋኑ በሰዓቱ መነሳቱን ይጠብቃል፣ ፊውዙን ያያል፣ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይከፈት አይከፈት እንደሆነ ይሞክራል። የውኃ ፖምፓው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ ሲጣራ ብቻ ነው የጓርኒሲዮን፣ ማለትም የቴስታታ ማሸጊያው፣ ነገር የሚነሳው፤ እሱም ቢሆን ቴስታታ ሳይወርድ፣ የሞተሩ ጋዝ ወደ ውኃው መግባት አለመግባቱን በመፈተን ይታወቃል። በብዙ ጋራዥ ግን ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው፤ «ጓርኒሲዮን በልታለች፣ ቴስታታ ይውረድ» የሚለው ፍርድ ኮፈኑ ሳይቀዘቅዝ ይሰጣል። ሌላኛው መድኃኒት ደግሞ ቴርሞስታቱን ነቅሎ መጣል ነው። «ለእኛ አገር አየር አያስፈልግም» ይላሉ። ያስፈልጋል። ቴርሞስታት የሌላት ሞተር ጠዋት ለመሞቅ ትዘገያለች፣ ነዳጅ ትበላለች፣ ቶሎም ታረጃለች፤ ይህ ግን ዛሬ ስለማይታይ ባለመኪናው «አዳነልኝ» እያለ ለጎረቤት ይመክራል። የምክር ሰንሰለቱ እንዲህ ነው የሚረዝመው።

ኮምፒውተር ማስነበብ ከመጣ ወዲህ ችግሩ የተፈታ የሚመስለው ሰው አለ። ማሽኑ እኮ የሚናገረው ምልክቱን ነው። ለምሳሌ ፒ0171 የሚለው ኮድ ሲወጣ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ከነዳጁ በዝቷል ማለት ነው። ምክንያቱ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ሊሆን ይችላል፤ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሊሆን ይችላል፤ የደከመ የነዳጅ ፖምፓ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚቀየረው ግን ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው፤ ወሬውን ያመጣው እሱ ነዋ! ከዚህ የባሰው ኮዱን ሰርዞ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቱን አጥፍቶ መላክ ነው። መብራቱ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይበራል፤ መኪናዋን ለሽያጭ ላዘጋጀ ሰው ግን ሦስት ቀን ብዙ ነው።

ለሴት አሽከርካሪ የሚሰጥ ልዩ ምክር ደግሞ አለ፤ «ወንድ ይዘሽ ሂጂ»። ጋራዥ ውስጥ «ማዘር» መባል ከጀመርኩ ወዲህ ለኔ ቀርቶልኛል፣ ለልጃገረዶቹ ግን አሁንም ይነገራል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ምክሩን ሰምታ ወንድሟን ይዛ ሄደች። መካኒኩ «ታይሚንግ ቺንጋው አርጅቷል፣ ሳይበጠስ ይቀየር» አለ። ወንድም ጭንቅላቱን እየነቀነቀ «እኔም ድምፁን ስሰማ ጠርጥሬ ነበር» ብሎ አጸደቀ። መኪናዋ ቪትዝ ናት። የቪትዝ ሞተር በካቴና እንጂ በታይሚንግ ቺንጋ አይሠራም! ሴቲቱ «እስቲ አሳየኝ» ባትል ኖሮ የሌለ ዕቃ ሊቀየርላት ነበር። ከእኛ ይልቅ ወንዶቹ የሚታለሉ ይመስለኛል፤ አላውቅም ማለት ያሳፍራቸዋል።

ዕቃ ስለመግዛት ብዙ አልልም፣ ሁሉም የቆሰለበት ነው። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ይዞ ትክክለኛውን የዕቃ ቁጥር ማወቅ፣ ከዚያ ኦርጅናል ነው ታይዋን ነው የሚለው ክርክር ውስጥ መግባት ይሻላል። የወጣውን አሮጌ ዕቃም መቀበል ነው፤ ለጌጥ ሳይሆን ተቀየረ የተባለው መቀየሩን ለማየት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። በዘይት በተጨማለቀ ጋራዥ ውስጥ አዋጅ መጥቀስ የሚያስቅ ቢሆንም መብቱ ግን አለ።

ዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ይቆጨኛል። የእያንዳንዱን ጎማ ፍሬን አያያዝ የሚለካ ማሽን ላይ መኪናችንን እናወጣለን፣ ማሽኑ ዕቃ የሚሸጥልን ነገር የለውም፣ እኛ ደግሞ የምንጠይቀው «አለፈች?» ብቻ ነው። የግራና የቀኙ ልዩነት ስንት ነው ብለን ብንጠይቅ የዓመቱ ምርጥ ምክር እዚያው ነበር።

መንግሥት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ መንገዱ በቢዋይዲና በፎልክስዋገን አይዲ ተሞልቷል። ዘይት የለም፣ ካንዴላ የለም፣ ጓርኒሲዮን የለም። የመካሪው ብዛት ግን አልቀነሰም። አንዷ መኪና ጠዋት አልነሳ ስትል ሰፈሩ ተሰብስቦ «ባትሪዋ ሞተ» ይላል፤ ባለቤቱም የዋናውን ባትሪ ዋጋ አስቦ ጉልበቱ ይከዳዋል። የኤሌክትሪክ መኪናም ግን እንደ ድሮው መኪና ተራ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላት፤ እሷ ስትሞት ዋናው ባትሪ ሙሉ ቢሆን እንኳ መኪናዋ አትነሳም። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚነግረን መለኪያ ይዞ የመጣ ሰው ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ብርቱካናማ ሽቦዎች በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚሸከሙ፣ ከመንካቱ በፊት ዋናውን መስመር የሚያቋርጠው የት እንዳለ የማያሳየኝ፣ ጓንትም የሌለው ሰው መኪናዋን ቀርቶ ራሱንም እንዲጎዳ አልፈቅድም።

የእነዚህን መኪኖች ማንበቢያ የያዙ ጋራዦች ለምርመራው ለብቻው ሲያስከፍሉ «ለማየት ብቻ?» እያለ የሚያጉረመርም ሰው እሰማለሁ። እኔ ከፍዬ፣ ያገኙትን ጽፈው ማኅተም እንዲያደርጉበት ነው የምጠይቀው። ምርመራው ነፃ ነው የሚለኝ ጋራዥ ሲያጋጥመኝ ግን መኪናዬን አስነስቼ እወጣለሁ።