ኮዱ ዝም ሲል

«ጋዜጠኛ ስለ ኮድ ምን አገባው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እስቲ ታገሱኝ።

በ2017 ዓ.ም. ለተማሪዎች ውይይት የእንግዳ መመዝገቢያ ገጽ በጃቫስክሪፕት ሠራሁ። አይከል ያስተማሩኝን መምህሬን ጋበዝኳቸው፤ የሚመቻቸውን ቀን «የካቲት 30» ብለው ሞሉ። ለካ እኔ የካቲትን ፌብሩዋሪ አድርጌ ጽፌው ኖሯል! ኮዱ የደረሰው ቀን ፌብሩዋሪ 30 ቀን 2025 ሆነ። እንዲህ ያለ ቀን የለም። ጃቫስክሪፕት ግን ዓመት፣ ወርና ቀን በቁጥር ሲሰጡት «የለም» አይልም፤ ዝም ብሎ ወደ ማርች 2 ያሻግረዋል። ማርች 2 በእኛ የካቲት 23 ነው። 23ም 30ም እሑድ ስለዋሉ ማንም አልጠረጠረ። መምህሬ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ጎንደር ሲደርሱ አዳራሹ ተቆልፏል። «ልጄ፣ እኔ 30 ነው ያልኩት፤ ቀኑን የቀየራችሁት መስሎኝ መጣሁ» አሉኝ። አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ሳንክቹዋሪ የሚባለውን ላይብረሪ መማር የጀመርኩት። ሐሳቡ ከባድ አይደለም። ሥራውን በትንንሽ ፋንክሽኖች ትከፍሉታላችሁ፦ ቀኑን ማንበብ፣ መኖሩን ማረጋገጥ፣ ወደ እኛ አቆጣጠር መለወጥ፣ ማሳወቅ። ከዚያ እንደ ሰንሰለት ታያይዟቸዋላችሁ። እያንዳንዱ ፋንክሽን መልሱን «ራይት» ወይም «ሌፍት» ብሎ ጠቅልሎ ለቀጣዩ ያቀብላል። ራይት ከሆነ ቀጣዩ ፈትቶ ይሠራበታል። ሌፍት ከሆነ ግን የቀሩት አይነኩትም፤ «ፌብሩዋሪ 30 የለም» የሚለውን ምክንያት እንደያዘ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። በዚህ መንገድ የሚያያዘውን ጥቅል ነው ባለሙያዎች «ሞናድ» የሚሉት።

ጓደኞቼ «ትራይ ካች አይበቃም ወይ?» ይሉኛል። ትራይ ካች የሚይዘው የጮኸ ስህተት ነው፤ የእኔው መቼ ጮኸ? እርግጥ ላይብረሪውም ቢሆን የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። ጳጉሜ 6 ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መሆኑን ኮዱ ላይ የምጽፈው እኔው ነኝ። ላይብረሪው የሚያደርገው፣ አንዴ የተገኘ ስህተት በመንገድ ላይ እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው።

በእኔ እምነት የዜና ክፍልም እንዲሁ ነው። ሪፖርተሩ ያላረጋገጠውን ቁጥር ገምቶ ሞልቶ ካቀበለ፣ አርታኢው የሚያርመው ነገር አይታየውም። «ይህን አላረጋገጥኩም» ብሎ ካቀበለ ግን ስህተቱ ሳይታተም ይያዛል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለኮድም ለዜናም ይሠራል።