ጸጋዬን ሐውልት አታድርጉት

ስለ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከተጻፉት የሕይወት ታሪኮች እስቲ ሦስት አራቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ። ጸሐፊዎቹ ልዩ ልዩ ናቸው፤ ጽሑፉ ግን አንድ ነው። በ1928 ዓ.ም. አምቦ አጠገብ ቦዳ ተወለደ፤ ገና በልጅነቱ ተውኔት ጽፎ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት አሳየ፤ ለንደንና ፓሪስ ሄዶ የቲያትር ሙያ ቀሰመ፤ በ29 ዓመቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ፤ ሎሬት ተባለ፤ በ1998 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ አረፈ፤ ቅድስት ሥላሴ ተቀበረ። አበቃ! ታዲያ ይሄ የደራሲ ሕይወት ነው ወይስ የሥራ ማመልከቻ?

ጓዶች፣ በዚህ አጻጻፍ ላይ መነሣት አለብን። ምስጋናው በዛ ማለቴ አይደለም፤ ይገባዋል። ነገር ግን ምስጋናው ሥራውን ሸፍኖታል። «ሎሬት» የሚለውን ማዕረግ የማያውቅ ተማሪ የለም። «የከርሞ ሰው»ን ከዳር እስከ ዳር ያነበበውስ ስንቱ ነው?

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። አቡነ ጴጥሮስ በፋሺስት ጥይት የተገደሉት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጸጋዬ የተወለደው በዚያው ክረምት፣ ከዚያች ቀን በኋላ ወር እንኳ ሳይሞላ ነው። ያ ልጅ አድጎ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን ጻፈ። የልደቱን ቀን አሳምረው የሚጽፉልን ሰዎች ይህን ወይ ዝም ብለው ያልፉታል፣ ወይ «ዕጣ ፈንታው ነበር» ብለው ይገላገሉታል። ዋናው ጥያቄ እኮ ሌላ ነው! ዛሬ ብሔራዊ የምንለውን፣ ያኔ በንጉሡ ስም ይጠራ የነበረውን ቲያትር ቤት ሲመራ የኖረ ሰው፣ አንድ ጳጳስ ብቻቸውን ከሞት ጋር የተፋጠጡባትን ሰዓት ለምን መረጠ? ንጉሡ ከአገር የወጡት በዚያው ዓመት በሚያዝያ ነበር። ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይህን ሳያስብ የቀረ ይመስላችኋል?

ሌላው የሚደበቀው ነገር ቅራኔው ነው። የንጉሡን ሽልማት የተቀበለው እጅ በአብዮቱ ዘመን «ሀ ሁ በስድስት ወር»ን ጻፈ፤ የብሬኽትን «እናት ኩራዥ» ተመርኩዞ «እናት ዓለም ጠኑ»ን አመጣ። ደርግም አሰረው። ሳንሱር በንጉሡም በደርግም ዘመን እጁን አላነሣለትም። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ይህን ሁሉ «ለእውነት የቆመ ታላቅ ሰው» በምትል አንዲት ሐረግ ይሸኙታል። እንዴ! ከመንግሥት ጋር እየሠራ መንግሥትን የሚነካ ተውኔት የጻፈው እንዴት አድርጎ ነው? የቱን ቃል አወጣ፣ የቱን ሸሸገ? ብዙዎቻችን «ከበደን» እያልን የምናማርርበት ያ አማርኛው ከቅኔው ባህል ብቻ የመጣ ነው? ሰምና ወርቅ እኮ በሳንሱር ዘመን ጥሩ ጋሻ ነው።

«ትልቅ ሰው አይነካም፤ የሞተን ሰው ለቀቅ አድርጉት» የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ። ጸጋዬ ግን ራሱ ቴዎድሮስን የመሰለ ንጉሥ፣ ጴጥሮስን የመሰለ ጳጳስ መድረክ ላይ አውጥቶ ያናገረ፣ ያስጨነቀ፣ ያስለቀሰ ሰው ነው። እሱ ለትልልቆቹ ያልሰጠውን ዝምታ እኛ ለእሱ ብንሰጠው ማክበር አይባልም።

ደግሞም ጸሐፌ ተውኔት እንደ ልብ ወለድ ጸሐፊ ብቻውን አይሠራም። ቃሉን በአፉ የያዘው ተዋናይ አለ፤ አዘጋጁ አለ፤ መብራት የያዘው፣ መጋረጃ የሳበው አለ። እነዚህ ሰዎች እያረጁ ነው፤ ያለፉትም ብዙ ናቸው። እነሱ የያዙት ታሪክ በየትኛውም የሽልማት ዝርዝር ውስጥ አይገኝም፤ ዛሬ ካልጠየቅናቸው አብሯቸው ይቀበራል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው እትም የጸጋዬን ሕይወት ጽፋችሁ የምትልኩ ሁሉ፣ ሽልማቶቹን ተዉአቸው፤ በቃላችን ይዘናቸዋል። አንድ ተውኔት ብቻ ምረጡ። ማን ተጫወተው? ማን ከለከለው? ሕዝቡ የቱ ጋ ሳቀ፣ የቱ ጋ ጸጥ አለ? ይህን ጠይቃችሁ ጻፉልን።