ጅግጅጋ አሥር ሜትር ትስጥ

ጅግጅጋ ውስጥ አሥራ አምስት ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል ማግኘት አያስቸግርም። የትምህርት ቤት አዳራሽ ሊሆን ይችላል፤ የወጣት ማዕከል ወይም ዕቃው የወጣለት መጋዘንም ይበቃል። በኦሎምፒክ ከሚካሄዱት ውድድሮች መካከል የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ተኩስን ያህል ጥቂት ቦታ የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም። ባሩድ የለውም፤ የሚተኮሰው በታመቀ አየር የሚገፋ 4.5 ሚሊ ሜትር የእርሳስ ፍሬ ነው። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያገኘችው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ሁሉ ከአትሌቲክስ የመጣ ነው። ከሩጫ ውጪ ሌላ በር ይከፈት በሚባልበት ጊዜ ሁሉ የኢላማ ተኩስ ስሙ እምብዛም አይነሳም። መነሳት አለበት፤ ለመጀመሪያው አዳራሽም ከጅግጅጋና ከአካባቢዋ ከተሞች የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ይህ ሐሳብ ብዙ ሰው እንደሚያስደነግጥ ይታወቃል። ጠብመንጃ ባልጠፋበት፣ ከድንበር ማዶ ኮንትሮባንድ በሚገባበት አካባቢ ሌላ ሽጉጥ ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው። ለእሱ መልስ ከመስጠት በፊት ግን ስፖርቱ በምን ላይ እንደቆመ ማየት ያስፈልጋል። የቆመው በሁለት ትንንሽ ጥቁር ብረቶች ላይ ነው።

አንደኛው ብረት ከአፈሙዙ አጠገብ የቆመ አራት ማዕዘን ጉጥ ነው፤ የፊት ማነጣጠሪያ ይባላል። ሁለተኛው ከተኳሹ በኩል ያለው፣ መሐሉ በአራት ማዕዘን የተቆረጠው የኋላ ማነጣጠሪያ ነው። ተኳሹ ጉጡን በክፍተቱ መሐል ያስቀምጣል፤ የሁለቱ አናት እኩል ይሆናል፤ በጉጡ ግራና ቀኝ የሚታየው ብርሃንም እኩል ይሆናል። ይህን ቅርጽ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስለመደው ፓትሪጅ የተባለ አሜሪካዊ ተኳሽ ነው። ዛሬም በኦሎምፒክ የሽጉጥ መስመር ላይ የሚቆሙት በዚሁ ቅርጽ ያነጣጥራሉ።

ሒሳቡን ማስላት ይጠቅማል። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት 32 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። የፊቱ ጉጥ ከክፍተቱ መሐል 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ቢዛነፍ፣ ፍሬው 10 ሜትር ሄዶ ኢላማው ጋ ሲደርስ 31 ሚሊ ሜትር ያህል ይስታል። የ10 ነጥብ ክብ ከዳር እስከ ዳር 11.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ 10 ይሆን የነበረው ምት 7 ሆነ ማለት ነው። በአንጻሩ ሁለቱ ብረቶች እንደተስተካከሉ ክንዱ በሙሉ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ቢሄድ፣ ፍሬው የሚስተው ያንኑ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ነጥቡም 10 እንደሆነ ይቀራል። ጀማሪ ሁሉ ክንዴ ተንቀጠቀጠ ብሎ ይጨነቃል። ክንድማ የማንም ይንቀጠቀጣል፤ ነጥብ የሚበላው የብረቶቹ መዛነፍ ነው።

ሌላው ለጀማሪ የሚከብደው የዓይን ነገር ነው። ዓይን የቅርቡንም የሩቁንም በአንድ ጊዜ አጥርቶ አያይም። ከኋላው ብረት፣ ከፊቱ ጉጥና ከኢላማው አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ መመረጥ ያለበትም የፊቱ ጉጥ ነው። ኢላማው ደብዛዛ ጥቁር ክብ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም፤ የሚመታውን ነገር አለማየት ስህተት ይመስለዋል። ነገር ግን ኢላማውን አጥርቶ ለማየት የቸኮለ ተኳሽ ከላይ የተሰላችውን አንዷን ሚሊ ሜትር ሳያያት ምላጩን ይስባል።

ለዚህ ነው ማነጣጠሪያን መምረጥና ማስተካከል የተኳሹን አካል ከመለካት የሚጀምረው። በገበያ ያሉት የውድድር ሽጉጦች የፊት ጉጣቸው ይቀየራል፤ ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በ4 እና በ5 ሚሊ ሜትር መካከል ነው። ክንደ ረጅም ሰው ጉጡ ከዓይኑ ስለሚርቅ ቀጭን ሆኖ ይታየዋል፤ ሰፋ ያለውን መሞከር አለበት። የኋላው ክፍተት ደግሞ በብሎን ይሰፋል፣ ይጠባል። ከጠበበ በጉጡ ጎንና ጎን ያለው ብርሃን እንደ ክር ቀጥኖ ዓይንን ያደክማል፤ ከሰፋ መሐሉን ለማግኘት ያስቸግራል። አዳራሹ ጨለም ያለ ከሆነ፣ ወይም ተኳሹ ዕድሜው ከገፋ፣ ሰፋ ማድረጉ ይሻላል። 60 ምት ለመተኮስ የሚሰጠው ጊዜ 75 ደቂቃ ነው፤ በአሥረኛው ምት የማያስቸግር ክፍተት በሃምሳኛው ዓይንን ሊያስለቅስ ይችላል። ስለዚህ ምርጫው መፈተን ያለበት በልምምዱ ማብቂያ ላይ ነው እንጂ መጀመሪያ ላይ አይደለም።

ጅግጅጋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ፀሐይዋ ብርቱ፣ ብርሃኗ ነጭ ነው። በመስኮት በኩል ከጎን የሚገባ እንዲህ ያለ ብርሃን የጉጡን አንድ ጎን ያበራዋል። ዓይንም የበራውን ጎን ከዳር ካለው ብርሃን ጋር ይቀላቅለዋል፤ ተኳሹ መሐል ላይ ያለ እየመሰለው ምቱ ይሸሻል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ብረቱ ጭራሽ እንዳያብረቀርቅ ጥላሸት ይቀባል። የአውሮፓ ተኳሾች ለዚህ ሲሉ የካርባይድ መብራት ጭስ ሲጠቀሙ ኖረዋል፤ የኩራዝ ጥላሸትም ያንኑ ሥራ ይሠራል። የጉጡን ፊት ወደ ተኳሹ በኩል በትንሹ ዘንበል አድርጎ መሞረድም ይረዳል፤ ከላይ የሚመጣው ብርሃን ፊቱ ላይ ስለማያርፍ ጉጡ ጠቁሮ ይታያል። የጦርና የፖሊስ ሽጉጦች ማነጣጠሪያ ላይ የሚገኙት ነጫጭ ነጥቦች ለሌላ ሥራ የታሰቡ ናቸው፤ ለኢላማ ውድድር ዓይንን ይከፋፍላሉና በጥቁር ቀለም ቢሸፈኑ ይሻላል።

ሞረድን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የኋላው ብረት ምቱ እንዲሄድ ወደሚፈለግበት አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል፤ የፊቱ ግን በተቃራኒው ነው። ዝቅ ብሎ የሚመታ፣ ብሎን የሌለው ሽጉጥ የፊት ጉጡ በሞረድ ቢቀነስ ምቱ ከፍ ይላል። የተሞረደ ብረት ግን ተመልሶ አይበቅልም። ትንሽ ሞርዶ አምስት ምት መተኮስ፣ ከዚያ እንደገና ጥቂት መሞረድ ነው ደንቡ። ብዙ ማነጣጠሪያ የሚበላሸው ሠራተኛው በአንድ ቀን ልጨርስ ሲል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ዓለም ሁሉ ያየው የቱርኩ ዩሱፍ ዲኬች ምስል እዚህ ላይ መነሳት አለበት። የ51 ዓመት ሰው፣ የቀድሞ የጃንደርማ ባልደረባ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ የዘወትር መነጽሩን አድርጎ ከሸቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በድብልቅ ውድድር የብር ሜዳሊያ አገኘ። በዚያው ሰሞን የደቡብ ኮሪያዋ ኪም ዬጂ በሴቶች 10 ሜትር ብር ስታገኝ በአንድ ዓይኗ ላይ ልዩ መነጽር፣ በሌላው ላይ መከለያ አድርጋ ነበር። ብዙ ሰው እሱን ያለ መሣሪያ ያሸነፈ፣ እሷን በመሣሪያ የታገዘች አድርጎ አወራ። እውነቱ ሌላ ነው። ደንቡ በሽጉጥ ላይ የሚያጎላ መነጽርም ሆነ ሌዘር ጨርሶ ስለሚከለክል፣ ሁለቱም ያነጣጠሩት በሁለት ጥቁር ብረት ነው። ልዩነቱ ዓይን ላይ የሚደረገው ነገር ነው፤ እሱም ለእያንዳንዱ ሰው ይለያያል። እሷ የተጠቀመችበት ዓይነት ጠባብ ቀዳዳ ጉጡንም ኢላማውንም አንድ ላይ ጠራ ያደርጋል፤ መከለያው ደግሞ ሁለተኛውን ዓይን ከመጨፈን ድካም ያሳርፋል። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ተኳሽ ከርቀት መነጽሩ ላይ ግማሽ ወይም ሦስት ሩብ ዳዮፕተር ጨምሮ ቢያሠራ ጉጡ ይጠራለታል። ይህ አንድ የዓይን ባለሙያ የሚጨርሰው ሥራ ነው።

በእኛ አገር የቱርክ ሽጉጥ ስሙ የሚሰማው በአብዛኛው ተደብቆ ሲገባ ተያዘ በሚል ዜና ነው። ከዚያችው ቱርክ የመጣው ዲኬች የያዘው ሽጉጥ ግን ከአዳራሹ ውጪ አንዳች አገልግሎት የለውም። ክላሽም ቢሆን በሰሜኑ የሶማሌ ክልል ለአርብቶ አደሩ እንግዳ ነገር አይደለም። የክላሽ የኋላ ማነጣጠሪያ እንደ ዓይነቱ እስከ 800 ወይም እስከ 1,000 ሜትር የሚደርስ የርቀት ምልክት አለው። መሣሪያ ያነገተ ሁሉ ግን እነዚያን ቁጥሮች ያነባል ማለት አይደለም። መሣሪያን ማወቅና መያዝ ለየቅል መሆናቸውን ለወጣት የሚያሳይ ቦታ አለመኖሩ ጉዳት ነው። ከተማዋን በቀጥታ መንገዶች የነደፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ የመድፍ ትምህርት የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ማነጣጠር የቁጥርና የትዕግሥት ሥራ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ጅግጅጋን ነድፏታል ማለት ነው።

አሁን ሌላ ሽጉጥ ምን ይሠራል ወደሚለው ጥያቄ እንመለስ። የኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የወጣው መሣሪያ በዘፈቀደ እንዳይያዝ ነው፤ የስፖርት አዳራሽም ከዚያ ጥላ ውጪ መቆም የለበትም። ሽጉጦቹ የግለሰብ ሳይሆኑ የክበቡ ይሁኑ። ቁጥራቸው ተመዝግቦ በብረት ሣጥን ይቆለፍባቸው፤ አንዱ ቁልፍ ፖሊስ ጋ ይቀመጥ። ማንም ወደ ቤቱ አይውሰድ። ለስጋቱ የሚመልሰው ይህ ነው፤ ስጋቱን አሳንሶ ማየት አይደለም። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ጥብቅ የመሣሪያ ሕግ ያላት አገር ናት፤ ያም ሆኖ ከሀሪያና ግዛት የወጣችው ማኑ ባኬር በፓሪስ በአየር ሽጉጥ ሁለት ነሐስ ወስዳለች። ከአፍሪካ ደግሞ ግብፅ እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም የተኩስ ሻምፒዮናን ካይሮ ላይ አስተናግዳለች። ቁጥጥርና ስፖርት አብረው ይሄዳሉ።

ለጅግጅጋ የተለየ ምክንያትም አለ። የካራማራ ተራራ ከከተማዋ አጠገብ ነው፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ያበቃው ውጊያም ሆነ ከዚያ በኋላ መሬት ውስጥ የቀረው ፈንጂ ከብዙ ሰው እግር ወስዷል። የኢላማ ተኩስ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የፓራሊምፒክ ስፖርት ነው፤ የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥም በዊልቼር ተቀምጠው የሚወዳደሩበት ክፍል አለው። ሃንጋሪያዊው ካሮይ ታካች ቀኝ እጁን የእጅ ቦምብ ከጎዳበት በኋላ በግራ እጁ መተኮስ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1948 ለንደን፣ በ1952 ደግሞ ሄልሲንኪ ላይ ወርቅ ወስዷል። ለሴቶችም በሩ ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ድረስ 40 ምት ይተኩሱ የነበሩት ሴቶች ከ2018 ጀምሮ ከወንዶች እኩል 60 ይተኩሳሉ። የጆርጂያዋ ኒኖ ሳሉክቫዜ እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኡል ላይ ወርቅ ካገኘች ከ36 ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ አሥረኛ ኦሎምፒኳን ተወዳድራለች። ጉልበት ሲደክም የማያልቅ ስፖርት ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ቀና ምርጫ ያስፈልጋል። ከፍተኛው ደረጃ ላይ ያለ የአየር ሽጉጥ ከ1,500 ዩሮ በላይ ያወጣል፤ ለጅማሬ ግን ያንን መግዛት አያስፈልግም። ቀይ ነጥብ የሚያሳየው የኤሌክትሮኒክ ማነጣጠሪያ ደግሞ በሌላ ዓይነት ውድድር፣ እየሮጡ በባሩድ ሽጉጥ በሚተኮስበት፣ የታወቀ ነው። ዓይንን ያፈጥናል፤ በኦሎምፒኩ የ10 ሜትር መስመር ላይ ግን ክልክል ነው። ወጣቶችን በእሱ ማስጀመር ኋላ የሚነጠቁትን ነገር ማስለመድ ይሆናል። መብራት ሲጠፋ የሚቆም የኤሌክትሮኒክ ኢላማም ለጊዜው ይቅር፤ 17 ሴንቲ ሜትር በ17 ሴንቲ ሜትር የሆነው የካርቶን ኢላማ ጅግጅጋ ውስጥ ሊታተም ይችላል።

የሚቀረው ማን ይጀምረው የሚለው ነው። የክልሉ ስፖርት ቢሮ አዳራሹን፣ ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ የስፖርትና የፊዚክስ መምህራኑን፣ ፖሊስ ቁልፉንና ቁጥጥሩን ይስጡ። ለመጀመሪያው ዓመት ስምንት ሽጉጥ፣ የተለያየ ስፋት ያላቸው የፊት ጉጦች፣ ሁለት ጥሩ ሞረድ፣ የፍሬ መያዣ ብረትና አንድ ለመማር ወደ ካይሮ የሚላክ አሠልጣኝ ይበቃል። አሠልጣኙ ከተመለሰ በኋላ ልምምዱ ወደ ቶጎ ውጫሌ፣ ወደ ቀብሪ በያህና ወደ ሽኒሌ ሊሄድ ይችላል፤ እዚያም የሚፈለገው ርቀት ያው አሥር ሜትር ነው።