የሁለት አያቶች አባ መላ

ጨቦ የተወለደ ልጅ በጦርነት ይማረካል፤ ምኒልክ ግቢ ገብቶ ያድጋል። ፊታውራሪ ገበየሁ አድዋ ላይ ሲወድቁ ማዕረጉ ለእሱ ይሰጣል። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በፈረስ ስማቸው አባ መላ ማለት ይኸው ልጅ ነው። ቦረናን አስገብረው ገዥ ሆኑ፤ በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትርነቱ የእሳቸው ሆነ። በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል የተሸነፉትም የሸዋን ጦር እሳቸው ሲመሩ ነው። በ1919 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ቤተ መንግሥቱ እሳቸውን ሳያማክር ትልቅ ነገር አይቆርጥም ነበር።

ይህን ታሪክ የልጅ ልጆቼ ይወዱታል፤ ምርኮኛው አንጋሽ ሲሆን ተረት ይመስላቸዋል። አያቴ ከፊታውራሪው ጦር ጋር ከወረዱት አንዱ ስለነበሩ እኔም ስነግራቸው ድምፄ ከፍ ይላል።

የምራቴ አባት ግን ቦረና ናቸው። ዝም ብለው ይሰሙኝና «ከብቱስ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ወታደሩ ደመወዝ አልነበረውም፤ በደመወዝ ፈንታ ገባር ተመደበለት። ገባሩ ከብቱን ሰጠ፣ ጉልበቱንም ሰጠ። ፊታውራሪው አዲስ አበባ ሲከርሙ አገሩን የሚያስተዳድሩት እንደራሴዎቻቸው ነበሩ፤ በደል ቢደርስ አቤቱታው ስንት ቀን መንገድ ተጉዞ ነው ሸዋ የሚደርሰው?

ታላቋ ልጅ አንድ ቀን «ታዲያ ጥሩ ሰው ነበሩ ወይስ መጥፎ?» ብላ ሁለታችንንም አፋጠጠችን። እኔ አንዱን መርጬ አልነገርኳትም፤ እሳቸውም አልመረጡም። ከዚያ ወዲህ እኔ ስናገር እሳቸው ካልተቀመጡ ታሪኩን አልጀምርም።

በዚያው በ1900 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው የወሰን ውል ቦረናን ለሁለት ከፈለው፤ ዛሬ ሞያሌ ከተማ ላይ ድንበሩ የሚታየው ከዚያ የመጣ ነው። ውሉ ግን በሁለቱም ወገን ያለ አርብቶ አደር እንደ ቀድሞው ተሻግሮ እንዲያግድ፣ ቅርብ ካለው ጉድጓድም ከብቱን እንዲያጠጣ ፈቅዷል። የምራቴ አባት ይህን ሲሰሙ ወሬውን ወደ ቱላ ጉድጓዶች ወሰዱት፤ ወንዶቹ ከላይ እስከ ታች በሰልፍ ቆመው፣ እየዘፈኑ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደሚያወጡት በእጃቸው እያሳዩ ነገሯቸው።

አዲስ አበባ ያለውን የሀብተ ጊዮርጊስን ድልድይ እኔ አሳይቻቸዋለሁ። ዱብሉቅ ደግሞ በጥር እረፍት ይወስዷቸዋል።