ዓሣው ምን ይበላል?

በማስተማር ልምምድ ላይ አንድ ተማሪ «የባሕር ዓሣ ምን ይበላል?» ቢለን «ሌላ ዓሣ» ብለን አለፍነው። «ያኛውስ?» ሲል ዝም አልን።

መልሱ ፕላንክተን ነበር፤ በውሃ ላይ የሚንሳፈፉት ደቃቅ ዕፅዋትና እንስሳት። በየባሕሩ ግን እኩል አይገኙም። ቀይ ባሕርን እንመልከት። ትልቅ ወንዝ አይገባበትም፤ ንጥረ ምግቡ በአብዛኛው ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በባብ ኤል መንደብ በኩል ይመጣል። ስለዚህ ፕላንክተኑ በደቡብ በዛ ይላል። ወደ ሰሜን ሲኬድ ምግቡ ይመናመናል፤ ጨውም በኪሎ ውሃ 40 ግራም ያህል ይደርሳል፤ ይህን የማይችሉት ዝርያዎች ይቀራሉ። ትሪኮዴስሚየም የተባለው ግን ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚወስድ በደኸየውም ውሃ ይኖራል። አንዳንዴ የባሕሩን ገጽ የሚያቀላውም እሱ ነው፤ ጀርመናዊው ኤረንበርግ በ1823 እ.ኤ.አ. በሲና ጠረፍ አይቶታል።

ታዲያ ይህን ሁሉ «ፕላንክተን ማለት ተንሳፋፊ ነው» ብሎ ማስገልበጥ ማስተማር ነው እንዴ? የምንመደብበት ቦታ ባሕር ባይኖረው ኩሬ አያጣም። አንድ ጠርሙስ ውሃና የእጅ ሌንስ ይዘን እንግባ። «የት በዛ? ለምን?» ብለን እንጠይቅ። ተማሪው አይቶ ይመልስ፤ እኛም ሁለተኛ ዝም አንልም።